አድሚራሏ፣ የእሳት እራቷ እና የማሽኑ መዝገብ

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ሀንግ ሲያደርግ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማውሱ ቀስት ባለበት ይቆማል፤ በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት መቁጠሩን ይተዋል፤ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሪፖርት ሴቭ ሳይደረግ ተገትሮ ይቀራል። መጀመሪያ ቁልፎቹን በየተራ እንጫናለን። ቀጥለን ሳጥኑን በመዳፋችን መታ መታ እናደርገዋለን። በመጨረሻ ማጥፊያውን ተጭነን እንይዛለን። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ እፎይ ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። በስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ያኔ ምን ምን ተከፍቶ እንደነበር፣ ሳጥኑ ይሞቅ እንደነበር ግን የሚጽፍ ቀርቶ የሚያስታውስም የለም። በሳምንቱ ሲደግመው አንዱ ቫይረስ ነው ይላል፣ ሌላው ራም አንሶት ነው ይላል፣ ሦስተኛው ፎርማት ይደረግ ብሎ ይፈርዳል። ፎርማት ይደረጋል፤ የልጆች ፎቶግራፍና የዓመታት ሰነድ አብሮ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሀንግ ያደርጋል።

የቆመ ማሽንን በግምት ከመፍረድ ይልቅ መመርመርን የሕይወት ዘመን ሥራቸው ካደረጉት ሰዎች መካከል አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ምሁርና የባሕር ኃይል መኰንን ግሬስ ሆፐር ናቸው። ስማቸው በብዙዎች ዘንድ የሚነሣው ከአንዲት የሞተች የእሳት እራት ጋር ተያይዞ ነው። ታሪኩ ግን በአብዛኛው የሚነገረው ተዛብቶ ነው። ሲስተካከል ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በተለይ ኮምፒዩተሩ ሀንግ እያደረገ ላስቸገረው ሰው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰባቱ ሰዓቶች

ግሬስ መሪ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። አባቷ በኢንሹራንስ ሥራ ይተዳደር ነበር። በሕመም ምክንያት እግሮቹን ያጣ ሰው በመሆኑ እርሱ ባይኖር ሴቶች ልጆቹ ራሳቸውን ችለው መኖር እንዲችሉ ይጨነቅ ስለነበር ከወንድ ልጁ ሳያሳንስ አስተማራቸው። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ አልነበረም።

ትንሿ ግሬስ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ክረምቱን በሚያሳልፍበት ቤት በየመኝታ ክፍሉ አንዳንድ የሚደውል ሰዓት ነበር። ሰዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈታችው። ጥርሶቹና ሞላው ተዘረገፉ፤ መልሳ መግጠም አልቻለችም። የመጀመሪያው እንዴት እንደተገጠመ ለማየት ሁለተኛውን ፈታች። ከዚያ ሦስተኛውን። እናቷ ስትደርስ ሰባት ሰዓቶች ተበትነው ነበር። እናቷ ግን መፍታትን አልከለከለቻትም። ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ መፍታት ትችያለሽ የሚል ፍርድ ሰጥታ አለፈች።

ኮምፒዩተር ጠግነው የሚያድሩ ሰዎች በዚህች ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ያያሉ። የመጀመሪያው፣ ልጅቷ የተበላሸውን ለመረዳት ደህናውን መመልከቷ ትክክል ነበር። ዛሬም አንድ ቴክኒሺያን የተጠረጠረውን ራም አውጥቶ ጤነኛነቱ በተረጋገጠ ሌላ ራም የሚተካው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ እናትየዋ ያወጣችው ሕግ ከልጅቷ ዘዴ ይበልጣል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት። ራሙን ቀይሮ፣ ዊንዶውሱን አድሶ፣ አንቲቫይረሱን ለውጦ፣ ማራገቢያውን አጽድቶ ኮምፒዩተሩ የተስተካከለለት ሰው በምን እንደተስተካከለ አያውቅም። ካልተስተካከለለት ደግሞ ሰባት የተፈቱ ሰዓቶች ፊቱ ተዘርግፈዋል ማለት ነው።

ከመምህርነት ወደ ባሕር ኃይል

ግሬስ በ16 ዓመቷ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ስታመለክት የላቲን ፈተና ጣላት። በዓመቱ ተመልሳ ገባች። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፤ በ1930 ከየል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪዋን በሒሳብ አገኘች። በ1930 የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ምሁር ከነበረው ከቪንሰንት ሆፐር ጋር ተጋባች። ትዳሩ በ1945 በፍቺ ቢያበቃም ስሙን እስከ መጨረሻው ይዛው ቀጠለች። ከ1931 ጀምሮ የተማረችበት ቫሳር ኮሌጅ መምህርት ሆነች።

ዶክተር ግሬስ ሆፐር በዚያው በመምህርነት ጡረታ ሊወጡ ይችሉ ነበር። በዲሴምበር 1941 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ግን ወደ ባሕር ኃይል ለመቀጠር አመለከቱ። ባሕር ኃይሉ አልተቀበላቸውም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የሒሳብ መምህርነታቸው ለአገር አስፈላጊ ነው፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው 7 ኪሎ ያህል ያንሳል ተባሉ። ልዩ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ጠየቁ። በዲሴምበር 1943 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የመኰንንነት ሥልጠናውን ከኮርሳቸው አንደኛ ሆነው አጠናቀቁ። የተመደቡት ግን መርከብ ላይ አልነበረም። በጁላይ 1944 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደሚገኝ የሒሳብ ማሽን ተላኩ።

ያ ማሽን ማርክ አንድ ይባላል። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ከ4 ቶን ከፍ ያለ፣ ከ700 ሺህ በላይ ክፍሎች ያሉት ነበር። በሰከንድ ሦስት መደመር ይሠራል፤ አንድ ማባዛት ግን ስድስት ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነው። የፕሮጀክቱ አለቃ ሃዋርድ ኤይከን ሆፐር ገና በር ሲገቡ ማሽኑን በእጃቸው አመልክተው ሥራ ሰጧቸው፤ እስከ 23 አሃዝ የሚዘልቅ የሒሳብ ሠንጠረዥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈለግ ነበር። ሆፐር ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ማን አይቶ ያውቃል!

ማሽኑ በጦርነቱ ጊዜ በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ይሠራል። ሲቆም ታዲያ የባሕር ኃይሉ ሥራ አብሮ ይቆማል። ችግሩ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ከማሽኑ አካል፣ ማለትም ከላላ ሽቦ ወይም ከተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ሊሆን ይችላል። ከወረቀቱ፣ ማለትም ያለቦታው ከተበሳ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ከሒሳቡም ሊሆን ይችላል። በዛሬ ቋንቋ ሃርድዌር፣ ሶፍትዌርና የተጠቃሚ ስሕተት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ሳይሆን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር። ስሕተቱ የቀዳዳ ከሆነ በቁራጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። እነዚያ የተለጣጠፉ ጥቅሎች ዛሬ በየወሩ ኮምፒዩተራችን ላይ የሚጫነው ማስተካከያ ፓች ለምን እንደሚባል ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ።

ከሥራው ጎን ኤይከን ሆፐርን የማሽኑን መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም ቢሉም አልተሰሙም። በ1946 የታተመው 561 ገጽ ያለው መጽሐፍ የማሽኑን አሠራርና አጠቃቀም ለሌሎች የሚያስረዳ ነበር። እርሳቸው ባይኖሩ ሌላው ሰው ማሽኑን አውቆ እንዲያንቀሳቅሰው ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው የኛ አባባል የሆፐርን ዘዴ በአንድ መሥመር ይገልጸዋል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45

የሃርቫርዱ ቡድን ከማርክ አንድ ቀጥሎ ማርክ ሁለት የተባለ ሌላ ማሽን ሠራ። ይህኛው በሺዎች በሚቆጠሩ ሪሌይዎች የሚሠራ ነበር። ሪሌይ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሲዘጋ ሁለት የብረት ጫፎች ይነካካሉ፤ ካልተነካኩ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፤ ካላለፈ ደግሞ መልሱ ይሳሳታል ወይም ማሽኑ ይቆማል።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም.። የዚያን ዕለት የማሽኑ የመዝገብ ደብተር አሁንም አለ። እንደ እኛ ሰዓት ስናስቀምጠው፣ ማሽኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሥራ ጀመረ። 4 ሰዓት ላይ ቆመ። 5 ሰዓት ላይ ሌላ ሥራ ተጀመረለት። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 ላይ ማባዣና መደመሪያ ክፍሎቹን የሚፈትሽ ሙከራ ተጀመረ። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ 9 ሰዓት ከ45 ላይ፣ በኤፍ ሰሌዳ ላይ ባለው 70ኛ ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኘች። የብረቱ ጫፎች መካከል ገብታ ሞታለች። ሠራተኞቹ በመቆንጠጫ አወጧት፤ ነገር ግን አልጣሏትም። በደብተሩ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና ከሥሯ በእውነት ተባይ የተገኘበት የመጀመሪያው አጋጣሚ መሆኑን በቀልድ መልክ ጻፉ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ እንደገና ሥራ ጀመረ፤ 11 ሰዓት ላይ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን ማረም ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የእሳት እራቷን ያገኙት ሆፐር አይደሉም፤ እርሳቸውም ይህን አልደበቁም። እርሳቸው ታሪኩን በየመድረኩ እየተረኩ ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉ ናቸው። ሁለተኛ፣ የማሽን ብልሽትን ባግ፣ ማለትም ተባይ፣ ብሎ መጥራት የተጀመረው ያን ቀን አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1870ዎቹ ቃሉን በዚሁ ትርጉም ይጠቀምበት ነበር። ቀልዱም የሚያስቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለዓመታት በዘይቤ ተባይ ሲባል የኖረው ነገር በዚያ ቀን እውነተኛ ተባይ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የታሪኩ ጥቅም ምንድን ነው? ብዙዎች የእሳት እራቷን ያያሉ፤ የሚታየው ግን ደብተሩ መሆን ነበረበት። ደብተሩን ያዩ እንደሆነ ግኝቱ የዕድል ጉዳይ አለመሆኑን ይረዳሉ። ማሽኑ ሲቆም የቆመበት ሰዓት ተጽፏል። ማሽኑን በሙሉ ከመፍታት ይልቅ አንዱን ክፍል ብቻ የሚፈትሽ ሙከራ ተሰጥቶታል። የተጠረጠረው ሪሌይ በዓይን ታይቷል። የተገኘው ነገር ማስረጃው ሳይጣል በሰዓቱና በቦታው ተመዝግቧል። ያ ደብተር ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ ከነእሳት እራቷ።

የጨለማው ጊዜ

የሆፐር ሕይወት ከድል ወደ ድል ብቻ የተጓዘ አልነበረም። ሃርቫርድ ለእርሳቸው ቋሚ የሥራ መደብ አልነበረውም፤ በ1949 ውላቸው ሲያበቃ መውጣት ነበረባቸው። ትዳራቸው ፈርሷል፤ ዕድሜያቸው 40ን አልፏል፤ ባሕር ኃይሉም በመደበኛነት አልቀጠራቸውም። የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች እንደሚናገሩት በእነዚያ ዓመታት ከመጠጥ ጋር ብርቱ ትግል ገጥሟቸው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ከዚያ ጨለማ የወጡት በወዳጆቻቸው እርዳታና በአዲስ ሥራ ነው።

አዲሱ ሥራ በፊላደልፊያ በኤከርትና ሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ነበር፤ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ሊሠራ የተነሣ አነስተኛ ድርጅት። እዚያ ሳሉ የገጠማቸውን አንድ ነገር በኋላ በቀልድ ይተርኩት ነበር። በሥራ ላይ በስምንት መሠረት ቁጥር እያሰሉ ስለሚውሉ የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም አላቸው። ምሽቶች አባክነው ስሕተቱን ማግኘት አልቻሉም። በመጨረሻ በባንክ ሙያ ላይ የነበረው ወንድማቸው ተመለከተውና አልፎ አልፎ ቤታቸው ውስጥም በስምንት መሠረት ሲቀንሱ እንደነበር ደረሰበት። የሒሳብ ዶክተር ያላየችውን ከውጭ የመጣ ዓይን አየው። ኮምፒዩተራችን ላይ ለቀናት አፍጥጠን ያላገኘነውን ችግር አንዳንዴ ለሌላ ሰው ስናስረዳ የሚገለጥልን ለዚህ ነው።

ስሕተትን ከምንጩ መድረቅ

በዚያ ጊዜ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የተፈተኑ ትእዛዞችን በየደብተራቸው ይዘው አንዱ ከሌላው በእጁ ይገለብጥ ነበር። ሆፐር ስሕተቱ የሚገባው እዚህ እንደሆነ አስተዋሉ። የአንዱ እጅ ጽሑፍ ላይ ያለው 4 በሌላው ደብተር ላይ ሌላ ምልክት ይሆናል፤ ቢ የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደልም 13 ሆኖ ይነበባል። ፕሮግራመሩ ሰው ነውና ሲገለብጥም ሲደምርም ይሳሳታል። ማሽኑ ግን ለመገልበጥና ለመደመር የተሠራ ነው። ታዲያ ሥራውን ለማሽኑ ለምን አንሰጠውም? በዚህ ሐሳብ በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፓይለራቸውን ሥራ ላይ አዋሉ። የተፈተኑት ትእዛዞች በጥቅል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰውየው የሚፈልገውን በቁጥር ይጠራል፤ ማሽኑ ራሱ ያገጣጥማል። ብዙዎች አላመኑም። ኮምፒዩተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም የሚል ጽኑ እምነት ነበር።

ቀጣዩ ሐሳባቸው ይበልጥ ተቃውሞ ገጠመው። ንግድና ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ለማሽኑ በተራ ቋንቋ ቢጽፉለትስ? ለአለቆቻቸው ሲያስረዱ ትእዛዞቹን በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አሳዩ። ማሽኑ ለሚያነበው ምልክት እንግሊዝኛም ሆነ ሌላ ቋንቋ ያው ነው፤ አማርኛም ቢሆን ያው ነው። አለቆቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ ማሽን እንዴት ፈረንሳይኛ ይገባዋል ብለው ደነገጡ። ሐሳቡ ቆይቶ ፍሎውማቲክ የተባለውን ቋንቋ ወለደ። በሜይ 1959 የመንግሥትና የኩባንያዎች ተወካዮች በፔንታገን ተሰብስበው ለንግድ ሥራ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖር ሲወስኑ ፍሎውማቲክ ዋና መነሻ ሆነ። የተገኘው ቋንቋ ኮቦል ነው። ሆፐር የኮቦል እናት ይባላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ቋንቋውን የነደፉት በርካታ ሰዎች ናቸው፣ እርሳቸው አማካሪና ትልቋ ተሟጋች ነበሩ።

በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠርቶ ታየ። ይህ ለብልሽት ፍለጋ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። ሰው ሊያነበው የሚችል ፕሮግራም ጸሐፊው ቢሞትም ሌላው ሊጠግነው ይችላል። በኤፕሪል 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ የሥራ አጦች ክፍያ ኮምፒዩተሮች በሥራ ብዛት ሲጨናነቁ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲመጡ በአደባባይ መጠየቃቸው የዚህን ቋንቋ ዕድሜ ያሳያል።

ጡረታ ያልያዛቸው መኰንን

በ1966 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ ሆፐርን በዕድሜ ምክንያት አሰናበታቸው። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 1967፣ ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተጠሩ። ምክንያቱ የባሕር ኃይሉ ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮቦል እየተናገሩ ስላስቸገሩ ነበር። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ኮምፓይለሮቹ ትክክለኛውን ደንብ መከተላቸውን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ይህም የዚያው የሪሌዩ ዘዴ ነው፤ በአፍ ከመከራከር ይልቅ አንድ ፈተና ሰጥቶ ውጤቱን መመዝገብ። ስድስት ወሩ በአጭር ዕረፍት ብቻ ተቋርጦ ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ። በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ ማዕረጉ በ1985 ስሙ ሲለወጥ ሪር አድሚራል ተባሉ።

ቢሯቸው ውስጥ ወደ ግራ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ነበር። የሚመጣው ሁሉ ለአፍታ ይደናገራል፤ ከዚያ ሰዓቱን ያለ ችግር ያነበዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው የሚለውን መልስ አይወዱም ነበርና ልማድ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ የሚያሳዩበት መንገድ ነበር። በየንግግራቸው ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ሽቦ ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው ርቀት ያን ያህል ነው። የማይታየውን ነገር በእጅ የሚጨበጥ ማድረግ ይችሉበት ነበር።

ኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው በቦስተን ወደብ፣ ዩኤስኤስ ኮንስቲቲዩሽን በተባለችው ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ያኔ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉት መኰንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ነበሩ። ከዚያም በኋላ አላረፉም፤ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ሲሠሩ ቆይተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አረፉ። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ1997 ሥራ የጀመረች የጦር መርከብ በስማቸው ተሰየመች። የመርከቧ ቁጥር 70 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የእሳት እራቷ የተገኘችበትን ሪሌይ ቁጥር የሚያስታውስ ሰው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ የነፃነት ሜዳሊያ ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው።

ደብተሩ ወደ ቤታችን ሲመጣ

ወደ ቤታችን ኮምፒዩተር እንመለስ። በዛሬው ማሽን ውስጥ የእሳት እራት የሚገባበት ሪሌይ የለም፤ ማሽኑም በሰከንድ የሚሠራው መደመር በቢሊዮን ይቆጠራል። ሀንግ ሲያደርግ ግን ጥያቄው የ1947ቱ ነው፤ የቆመው የቱ ክፍል ነው?

ከሁሉ በፊት ሰነድና ፎቶግራፍ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ምርመራ የሚጀመረው የሚጠፋ ነገር እንዳይኖር ከተደረገ በኋላ ነው። ቀጥሎ አንድ ተራ ደብተር ከኪቦርዱ አጠገብ ይቀመጥ። ኮምፒዩተሩ በቆመ ቁጥር ሰዓቱ፣ ተከፍተው የነበሩት ፕሮግራሞች፣ ሳጥኑ መሞቁ፣ መብራት ሄዶ መጥቶ እንደነበር፣ በቅርቡ የተጫነ ነገር መኖሩ ይጻፍ። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ ይበራ ይጠፋ እንደሆነም ይታይ። መብራቱ የሚታዘዝ ከሆነ የቆመው አንድ ፕሮግራም ወይም ስክሪኑ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማይታዘዝ ከሆነ ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ቆሟል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ኮምፒዩተሩ ራሱም መዝገብ ይይዛል። በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር፣ በማክ ኮንሶል ይባላል። ሰዓቱን ከራሳችን ደብተር ጋር ማመሳከር ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ድንገት ሙሉ በሙሉ ሲቆም የመጨረሻዋን ደቂቃ ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም፤ ተመልሶ ሲነሣ ባልተጠበቀ ሁኔታ ጠፍቶ እንደነበር ብቻ ይመዘግባል። ይህም ቢሆን ፍንጭ ነው። በየጊዜው የአንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ስም ከተገኘ ወደ ሶፍትዌር፣ ምንም ሳይገኝ ድንገት ከተቋረጠ ወደ ሙቀት፣ ወደ ራምና ወደ ኤሌክትሪክ ማየት ይሻላል። የእጅ ደብተሩ የሚያስፈልገውም ማሽኑ መጻፍ ላልቻላት ለዚያች ደቂቃ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ፈተና። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይከፈትና የማራገቢያው አቧራ ይጽዳ፤ ለጥቂት ቀናት ይታይ። ለውጥ ከሌለ ራሙ በመፈተሻ ፕሮግራም ለአንድ ሌሊት ይፈተን። ቀጥሎ የዲስኩ ጤንነት ይታይ። ማሽኑ በሴፍ ሞድ ሲነሣ የማይቆም ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨርና በኋላ ወደተጫኑ ፕሮግራሞች ይዞራል። እያንዳንዱ ሙከራ ከነውጤቱ ይጻፍ፤ ያልሠራውም ጭምር። ፎርማት ማድረግ በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። የተበላሸው ራም ከሆነ ደግሞ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይድንም።

ደብተሩን ይዞ ወደ ቴክኒሺያን የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄደው ይለያል። ቴክኒሺያኑ ከግምት አይነሣም፤ ባለቤቱም ለማያስፈልገው ዕቃ አይከፍልም። ማርክ ሁለት ፊት የቆሙት ሠራተኞች ያን ቀን ሪሌዩን ጠርገው፣ የእሳት እራቷን ጥለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። ማሽኑ እንደሁ በዚያም ቢሆን ይሠራ ነበር። እኛ ግን ዛሬ ስለዚያች ከሰዓት በኋላ አንዳች ነገር አናውቅም ነበር።